ጸሎትና ሥራ አይለያዩም

፩፤ ሁለት ዓይነት ስሕተት

ገበሬ ማለዳ በሬውን ጠምዶ ዕርፉን ሲጨብጥ፥ ሸማኔ ከጉድጓዱ ገብቶ መወርወሪያውን ሲያነሣ፥ እናትም እጅዋን ታጥባ ወደ ቡሓቃዋ ስትቀርብ፥ አስቀድመው «በስመ አብ» ይላሉ። ይህ ቃል አጭር ነው፤ የያዘው ነገር ግን ታላቅ ነው። «በስመ አብ» ብሎ የጀመረ ሰው ሥራውን በእግዚአብሔር ፊት አቁሞታል። በእግዚአብሔር ፊት የቆመ ሥራም በስንፍናና በተንኰል ሊሠራ አይገባውም።

ነገር ግን ይህን ቃል በአፋቸው እየተናገሩ በልባቸው የሚዘነጉት ብዙዎች ናቸው። ስሕተታቸውም ሁለት ዓይነት ነው።

አንደኛው ሰው ጸሎትን በቤተ ክርስቲያን ትቶት ይወጣል። እሑድ በቅዳሴ ላይ ቆሞ ይሰግዳል፤ ሰኞ በገበያ ተቀምጦ ሚዛን ያጓድላል። ቢጠይቁትም፥ «ጸሎት ሌላ፥ ንግድ ሌላ» ብሎ ይመልሳል። ከሳምንቱ ጥቂት ሰዓት ለእግዚአብሔር ከሰጠ በኋላ የቀረው ሁሉ የራሱ ብቻ ይመስለዋል።

ሁለተኛው ሰው ጸሎትን የስንፍናው መሸፈኛ ያደርገዋል። አዝመራው ደርሶ፥ ዝናም አስፈራርቶ፥ ጎረቤቶቹ ሁሉ ማጭዳቸውን ይዘው ሲወጡ፥ እርሱ፥ «ጸሎቴን አልጨረስሁም» ብሎ በቤቱ ይቀመጣል። እህሉ በእርሻው ላይ በበሰበሰ ጊዜ ግን ልጆቹ የሚበሉት ያጣሉ።

የመጀመሪያው ሰው ሥራውን ከእግዚአብሔር ሊሰውር ወደደ፤ ሁለተኛው ሰው ከሥራው ሸሽቶ በእግዚአብሔር ስም ተሸሸገ። ሁለቱም አብረው ሊኖሩ የሚገባቸውን ነገሮች ለያዩ።

ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ክርስቲያኖች ሳያቋርጡ እንዲጸልዩ አስተምሯል። ይኸው ሐዋርያ ድንኳን እየሰፋ በእጁ ሥራ ይተዳደር ነበረ፤ ሊሠራ የማይወድ ሰውም ሊበላ እንደማይገባው ጽፏል። እንግዲህ ሰው ቀኑን ሙሉ እየሠራ እንዴት ሳያቋርጥ ሊጸልይ ይችላል? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆን የአንድ ካቶሊካዊ ሐኪም ታሪክ ከዚህ ቀጥሎ ተጽፏል። በዚህ ትምህርት የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

፪፤ የሐኪሙ ልጅነት

ይህ ሐኪም ዮሴፍ ሞስካቲ ይባላል፤ በአገሩ ቋንቋ ግን ዮሴፍን ጁዜፔ ይሉታል። በ1880 በኢጣልያ አገር በቤኔቬንቶ ከተማ ተወለደ። አባቱ ዳኛ ነበረ። ወላጆቹ ከወለዷቸው ከዘጠኙ ልጆች ዮሴፍ ሰባተኛው ነበረ። በ1884 ቤተ ሰቡ በባሕር ዳር ወዳለችው ወደ ታላቂቱ ከተማ ወደ ናፖሊ ሄደው ተቀመጡ።

ዮሴፍ ገና ልጅ ሳለ፥ በ1893፥ ወታደር የነበረው ወንድሙ አልቤርቶ ከፈረስ ወድቆ ራሱን ክፉኛ ተጐዳ። ከዚያም ወዲህ የሚጥል በሽታ ያዘው። ዮሴፍ ከወንድሙ አልጋ አጠገብ ብዙ ሰዓት እየተቀመጠ ያስታምመው ነበረ። የታመመ ሰው መድኃኒት ብቻ እንደማይበቃው፥ አጠገቡ ተቀምጦ የሚያጽናናውም ሰው እንደሚያስፈልገው በዚያ ቤት አየ። ሰው የሚችለውን ሁሉ ካደረገ በኋላ ደግሞ የእግዚአብሔርን ረዳትነት እንደሚፈልግ አየ።

የዳኛ ልጅ ስለ ነበረ እርሱም የሕግ ትምህርት ይማራል ተብሎ ሊታሰብ ይቻል ነበረ። እርሱ ግን የሕክምናን ትምህርት መረጠ። ትምህርቱን በጀመረበት ዓመት፥ በ1897፥ አባቱ ሞተ። ዮሴፍ በኀዘን ምክንያት ትምህርቱን አልተወም፤ በርትቶ ተማረና በ1903 በናፖሊ ዩኒቨርሲቲ በከፍተኛ ማዕርግ ፈጸመ። ከዚህም በኋላ በ1522 በተመሠረተው በአንድ ታላቅ ሆስፒታል ሐኪም ሆኖ ገባ። የዚህ ሆስፒታል ስም በእኛ ቋንቋ «የማይድኑ ሕሙማን ቤት» ማለት ነው። ሌላ ሰው ተስፋ የቈረጠባቸውን በሽተኞች ለማስታመም የቆመ ቤት ነበረ።

፫፤ ተራራው እሳት በተፋ ጊዜ

በናፖሊ ከተማ አጠገብ ቬዙቪዮ የሚባል እሳት የሚተፋ ተራራ አለ። በ1906 በሚያዝያ ወር ይህ ተራራ ተቈጥቶ እሳትና አመድ መትፋት ጀመረ። አመዱም እንደ ከባድ ዝናም በየመንደሩ ወረደ፤ በቤቶቹም ጣራ ላይ ተከመረ።

በተራራው እግር ቶሬ ዴል ግሬኮ በምትባል ከተማ፥ የዚያ ታላቅ ሆስፒታል ቅርንጫፍ የሆነ ቤት ነበረ። በዚያም የሚኖሩት ሽማግሌዎችና ሽባዎች ነበሩ። እነዚህ ሰዎች በእግራቸው ሊሸሹ አይችሉም። ሞስካቲ አደጋውን በሰማ ጊዜ ፈጥኖ ወደዚያ ሄደ። በሽተኞቹ ሁሉ ያለ መዘግየት ከቤቱ እንዲወጡ አጥብቆ አዘዘ፤ እርሱም ራሱ ከሠራተኞቹ ጋር ሆኖ ያወጣቸው ነበረ። የመጨረሻው በሽተኛ ከወጣ በኋላ ጥቂት ሳይቈይ ጣራው ከአመዱ ክብደት የተነሣ ተደረመሰ።

ሞስካቲ ጸሎትን የሚወድ ሰው ነበረ። ይሁን እንጂ በዚያች ቀን በቤቱ ተንበርክኮ፥ «አቤቱ፥ እነዚያን ሽባዎች አድናቸው» ብሎ ብቻ አልተቀመጠም። እግዚአብሔር ጤናማ እጅና እግር የሰጠው፥ እጅና እግር ለሌላቸው እንዲሆንላቸው እንደ ሆነ ያውቅ ነበረ። ለወንድሙ የሚጸልይ ሰው፥ እግዚአብሔር ጸሎቱን በራሱ በጸላዩ እጅ ሊፈጽመው ቢወድ፥ እጁን ሊሰበስብ አይገባውም።

ከዚህም በኋላ ሞስካቲ ለሆስፒታሉ አለቃ ደብዳቤ ጻፈ። በደብዳቤውም ያገዙት ሠራተኞች ሽልማት እንዲያገኙ ለመነ፤ የራሱ ስም ግን እንዳይነሣ አሳሰበ። ሥራውን ለእግዚአብሔር ያቀረበ ሰው፥ ዋጋውን ከሰው ለመቀበል አይቸኵልም።

፬፤ የሐኪሙ ቀን

የሞስካቲ ቀን ሥርዐት ነበረው። ሌሊቱ ሳይነጋ ተነሥቶ ይጸልያል፤ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ቅዳሴ ያስቀድሳል፤ ቅዱስ ቍርባንም ይቀበላል። ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ በጠባቡ መንገድ አልፎ ወደ ድኾች ቤት ይገባል፤ በዚያ የተኙትን በሽተኞች ያለ ዋጋ ያክማል። ቀጥሎ ወደ ሆስፒታሉ ይሄዳል። በዚያም በሽተኞችን እየመረመረ ወጣቶቹን ሐኪሞች ያስተምራል። ከቀትር በኋላ ደግሞ ወደ ቤቱ የሚመጡትን በሽተኞች ይቀበላል።

ይህ ሐኪም ሚስት አላገባም፤ እኅቱ ኒና ቤቱን ትጠብቅለት ነበረች፤ ለድኾች በሚያደርገውም ቸርነት ታግዘው ነበረች። በሽተኞች ተራቸውን በሚጠብቁበት ክፍል አንድ ባርኔጣ ተቀምጦ ነበረ። ያለው ሰው የሚችለውን እንዲጨምርበት፥ የሌለው ግን የሚያስፈልገውን እንዲወስድበት የሚል ጽሕፈት ነበረበት። ስለዚህ የሚከፍለውንና የማይከፍለውን ማንም ለይቶ አያውቅም፤ ድኻውም አያፍርም። መድኃኒት የሚገዛበት የሌለው በሽተኛ ሲያጋጥመውም፥ ሞስካቲ ከራሱ ገንዘብ በስውር ይተውለት ነበረ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መመልከት ይገባል። የሐኪም ሥራ እጅግ አድካሚ ነው። ሐኪም ሲደክም ሊቈጣ ይችላል፤ ሲቸኵል የበሽተኛውን ቃል ሳይሰማ ሊፈርድ ይችላል፤ ሲለምደውም በሽተኛውን እንደ ሰው ማየት ትቶ እንደ ዕቃ ሊቈጥረው ይችላል። ይህ ፈተና የሐኪም ብቻ አይደለም። መምህር በተማሪው፥ ጸሐፊ በባለ ጉዳዩ፥ ሹም በተበዳዩ፥ ነጋዴም በገዢው ላይ ይህንኑ ያደርጋል። ሞስካቲ በማለዳ በቅዱስ ቍርባን የተቀበለውን ክርስቶስን፥ ከአንድ ሰዓት በኋላ በበሽተኛው አልጋ ላይ ያየው ነበረ። ስለዚህ በአልጋው ላይ የተኛው ሰው ያደፈ ልብስ ቢለብስም፥ እርሱን ማክበር የጸሎቱ ተከታይ ነበረ።

የሞተ ሰው ሥጋ በሚመረመርበት ክፍልም በግድግዳው ላይ የክርስቶስን ስቅለት አሰቀለ። ከበታቹም ሞት በክርስቶስ እንደ ተሸነፈ የሚያስታውስ ቃል ነበረ። በዚያ ክፍል የሚማሩት ወጣቶች ሥጋውን ሲመረምሩ፥ ይህ ሥጋ ነፍስ የነበረችበት፥ እናት የወለደችው ሰው እንደ ሆነ እንዳይዘነጉ ነው። ማስተዋልን የሚያነቃ አንድ ምልክት በሥራ ቦታ መኖሩ መልካም ነው።

፭፤ ጸሎት የትምህርትን ቦታ አይወስድም

«እግዚአብሔርን የሚያምን ሐኪም መጽሐፍ ማንበብ አያስፈልገውም» የሚል ሰው ቢኖር እጅግ ይሳሳታል። ሞስካቲ የዘመኑን አዲስ ዕውቀት ሁሉ ይከታተል ነበረ። በ1911 በናፖሊ የኮሌራ ወረርሽኝ በገባ ጊዜ፥ የበሽታውን መነሻ መርምሮ ከተማይቱን ለማዳን የሚበጀውን አሳብ እንዲያቀርብ ታዘዘ፤ እርሱም መርምሮ አቀረበ።

በ1914 እናቱ በስኳር በሽታ ሞተች። በዚያን ዘመን ለዚህ በሽታ የሚበቃ መድኃኒት አልተገኘም ነበረ። ልጅዋ ብልኅ ሐኪም ሳለ ሊያድናት አልቻለም። በ1921 ፍሬድሪክ ባንቲንግና ቻርልስ ቤስት የተባሉ ሰዎች በካናዳ አገር በቶሮንቶ ከተማ ኢንሱሊን የሚባለውን መድኃኒት ከእንስሳ ቆሽት ለማውጣት ቻሉ፤ በ1922 መጀመሪያም ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ተሰጠ። ይህ ወሬ ወደ አውሮፓ በደረሰ ጊዜ፥ በናፖሊ ይህን መድኃኒት ለበሽተኞች አስቀድመው ከሰጡት ሐኪሞች አንዱ ሞስካቲ ነበረ። መድኃኒቱ ለእናቱ አልደረሰላትም፤ ለሌሎች እናቶች ግን ደረሰላቸው።

ስለ በሽተኛ የሚጸልይ ሐኪም፥ መድኃኒቱን ለማወቅ ባይተጋ ጸሎቱ እውነተኛ አይደለም። እንዲሁም ፈተናውን እንዲያልፍ የሚጸልይ ተማሪ፥ መጽሐፉን ባይከፍት እግዚአብሔርን ሊፈታተን ተነሣ እንጂ አልጸለየም።

በ1917 ሞስካቲ በዩኒቨርሲቲ የታላቅ መምህርነት ወንበር ሊያገኝ ሲቻለው ለሌላ ሰው ተወለት፤ በሆስፒታል ከበሽተኞቹ ጋር መቅረትን መረጠ። ማስተማርን ንቆ አይደለም፤ ወጣቶቹን በሽተኛው በተኛበት በአልጋው አጠገብ ማስተማሩን አላቋረጠምና። ሰው ሁሉ የተጠራበት ቦታ አለው። ያንን ቦታ ለማወቅም ጸሎት ያስፈልጋል።

፮፤ በጸሎት ላይ ሳለ ቢጠሩትስ?

አሁን አንድ ከባድ ጥያቄ ይነሣል። ሰው በጸሎት ላይ ሳለ፥ በሽተኛ ቢጠራው ምን ያድርግ? ጸሎቱን ቢያቋርጥ እግዚአብሔርን ያሳዝናልን? ጸሎቱን ልጨርስ ብሎ ቢዘገይ በሽተኛው ይሞታል።

ይህን ጥያቄ ከሞስካቲ አስቀድሞ በፈረንሳይ አገር የነበረው ቅዱስ ቪንሴንት ዘጳውሎስ መልሶታል። ቅዱስ ቪንሴንት በ1581 ተወልዶ በ1660 ሞተ። በ1633 ከቅድስት ሉዊዝ ደ ማሪያክ ጋር ሆኖ በሽተኞችንና ድኾችን የሚያገለግሉ የእኅቶች ማኅበር መሠረተ። እነዚህ እኅቶች በጸሎት ሰዓት ድኻ ቢጠራቸው ሳይጨነቁ እንዲሄዱ አስተማራቸው። ይህን ያደረገች እኅት እግዚአብሔርን የምትተወው ስለ ራሱ ስለ እግዚአብሔር ነው ይላቸው ነበረ። በቤተ ክርስቲያን የተወችውን በበሽተኛው ዘንድ ታገኘዋለችና።

ነገር ግን ይህ ትምህርት ለሰነፍ ሰው አልተሰጠም። የተጠራ ሰው ጸሎቱን ሊያቋርጥ ይችላል፤ ያልተጠራ ሰው ግን ሥራ አለብኝ ብሎ ጸሎቱን በየቀኑ ሊተው አይችልም። ዘወትር ጸሎቱን የሚተው ሰው፥ ቀስ በቀስ ለምን እንደሚሠራ ይረሳል። ዘይት ያልተጨመረበት መብራት ወዲያው አይጠፋም፤ ጥቂት ጊዜ ያበራል፤ በኋላ ግን ክሩ ራሱ ይቃጠላል።

የቅዱስ ቪንሴንት ትምህርት ወደ ኢትዮጵያም ደርሷል። እርሱ በ1625 ከመሠረተው የካህናት ማኅበር ወገን የሆኑት ጁስቲኖ ደ ያቆቢስ፥ በኢትዮጵያ አቡነ ያዕቆብ የተባሉት፥ በ1818 በናፖሊ ወደዚያ ማኅበር ገቡ። በ1836 ኮሌራ በናፖሊ ሕዝቡን በፈጀ ጊዜ፥ ነፍሳቸውን ሳይሳሱ በሽተኞችን አገለገሉ። በ1839 ወደ ኢትዮጵያ መጡ፤ የአገሩን ቋንቋ ተምረው፥ የአገሩን ልማድ አክብረው እስከ ዕለተ ሞታቸው እስከ 1860 ድረስ ደከሙ። ሞስካቲ በሽተኞችን ያገለገለባት ከተማ፥ አቡነ ያዕቆብ ከእርሱ በፊት በሽተኞችን ያገለገሉባት ያችው ከተማ ነበረች።

፯፤ በድስትና በምጣድ መካከል

ምናልባት አንድ ሰው፥ «የሐኪምና የካህን ሥራ ከፍ ያለ ስለ ሆነ ከጸሎት ጋር ይስማማል፤ የእኔ ሥራ ግን ዝቅተኛ ነው» ይል ይሆናል። ለዚህ ሰው መልስ የሚሆን የአንድ ወጥ ሠሪ ታሪክ አለ።

በ17ኛው መቶ ዓመት በፈረንሳይ አገር ኒኮላ ኤርማን የሚባል ሰው ነበረ። ወታደር ሆኖ ሳለ በጦርነት እግሩ ቈሰለ፤ ከዚያም ወዲህ ያነክስ ነበረ። በ1640 በፓሪስ ወደ ቀርሜሎሳውያን ገዳም ገባ፤ በዚያም ወንድም ሎራን ተባለ። ካህን አልነበረም፤ ሥራውም በወጥ ቤት ነበረ። ከተፈጥሮው ይህን ሥራ አይወደውም ነበረ፤ ሆኖም በፍቅር ተቀብሎ ለብዙ ዓመታት ሠራው። ካረጀም በኋላ የገዳሙን ሰዎች ጫማ እየጠገነ ኖረ፤ በ1691 ሞተ።

ወንድም ሎራን ድስቱ ሲንተከተክ፥ ከዚህም ከዚያም ሲጠሩት፥ በልቡ ከእግዚአብሔር ጋር በዝግታ ይነጋገር ነበረ። ለእርሱ የሥራ ሰዓት ከጸሎት ሰዓት የተለየ አልነበረም። ይህን ልማድ በአንድ ቀን አላገኘውም፤ ልቡ በባከነ ቍጥር ሳይቈጣና ሳይታክት ይመልሰው ነበረ። የአገራችን ሰው፥ «ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል» እንዳለው ሆነለት። የሥራ ታላቅነት በሥራው ስም አይለካም፤ ሠሪው ለማን ብሎ እንደሚሠራው ይለካል።

፰፤ የሐኪሙ የመጨረሻ ቀን

የሐኪሙ የሞስካቲ ፍጻሜም እንደ አኗኗሩ ነበረ። በ1927 በሰሙነ ሕማማት፥ በዕለተ ማክሰኞ፥ እንደ ልማዱ ማለዳ አስቀደሰ፤ ቅዱስ ቍርባን ተቀበለ። ወደ ሆስፒታሉ ሄዶ ሥራውን ፈጸመ። ወደ ቤቱ ተመልሶ ምሳውን በላ፤ በቤቱም የሚጠብቁትን በሽተኞች መመርመር ጀመረ። ከቀትር በኋላ በዘጠኝ ሰዓት ገደማ ደከመው። ወደ ክፍሉ ገብቶ በወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ በዚያም በጸጥታ ዐረፈ። ዕድሜው 46 ዓመት ነበረ።

ወሬው በከተማይቱ በተሰማ ጊዜ፥ ድኾቹ ቅዱሱ ሐኪም ሞተ እያሉ አለቀሱ። በ1975 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ ብፁዕ ብለው ሰየሙት፤ በ1987 ደግሞ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ ቅዱስ ብለው ሰየሙት። ሥጋው በናፖሊ ጄዙ ኑኦቮ በሚባለው ቤተ ክርስቲያን ዐርፏል።

በዚያች በመጨረሻዪቱ ቀን ሞስካቲ ልዩ ነገር አላደረገም። ጸለየ፤ ሠራ፤ ዐረፈ። ሞት በድንገት ሲመጣ፥ ሊያስተካክለው የሚቸኵልበት ነገር አልነበረውም። ዕለት ዕለት ሥራውን በእግዚአብሔር ፊት የሚያኖር ሰው፥ የሞቱ ቀን እንደ ሌላው ቀን ትሆንለታለች።

፱፤ ተማሪና ሠራተኛ ሊያደርጉት የሚገባ

ካቶሊካዊ ሠራተኛ በሥራው ላይ ሳለ እንዴት እንደሚጸልይ ከዚህ ታሪክ ይታወቃል።

መጀመሪያ፥ ሥራውን ሳይጀምር በትእምርተ መስቀል አማትቦ፥ ያን ቀን የሚሠራውን ለእግዚአብሔር ያቀርባል። ለዚህ ረጅም ቃል አያስፈልግም፤ ልቡ ከአፉ ጋር ቢስማማ ይበቃል።

ሁለተኛ፥ በሥራው መካከል አጭር ጸሎት ይጸልያል። ሾፌር መኪናውን ሲያስነሣ፥ አዋላጅ እጅዋን ስትታጠብ፥ ጸሐፊ ብዕሩን ሲያነሣ፥ ሌላ ሰው ሳያውቅባቸው፥ «ጌታ ሆይ፥ እርዳኝ» ሊሉ ይችላሉ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ደወልም ጧት፥ ቀትርና ማታ የመልአኩን ብሥራት እንዲያስታውሱ ምእመናንን ይጠራል። ሰው ደወሉ በማይሰማበት ቦታ ቢሠራም፥ በእነዚህ ሰዓታት ልቡን ወደ ላይ ሊያነሣ ይችላል።

ሦስተኛ፥ ቍጣ በመጣ ጊዜ ከመናገሩ በፊት በልቡ ይጸልያል። የሚያስቸግር ባለ ጉዳይ፥ የሚያጠፋ ተማሪ፥ የሚጨቀጭቅ ገዢ በመጣ ጊዜ ያ ሰው የእግዚአብሔር ፍጥረት እንደ ሆነ ያስባል። ብዙ ክፉ ቃል በዚህች አጭር ዝምታ ሳይወጣ ይቀራል።

አራተኛ፥ ጸሎቱን ለታይታ አያደርገውም። የሥራ ባልንጀራው ሌላ ሃይማኖት ቢኖረው አያስጨንቀውም፤ አይንቀውምም። የጸሎቱ ምስክር ድምፁ አይደለም፤ ያልጐደለው ሚዛኑ፥ ያልዘገየው ደብዳቤው፥ ያላዳላው ፍርዱ ነው።

አምስተኛ፥ በማታ ሥራውን ሲፈጽም ያመሰግናል፤ ያጠፋውንም ይመረምራል። የበደለው ሰው ቢኖር፥ በማግሥቱ ይቅርታ ሊጠይቀው ይቈርጣል።

ተማሪም ሥራ አለው፤ ሥራው ትምህርት ነው። ማለዳ ተነሥቶ ጸልዮ፥ መጽሐፉን በንጹሕ እጅ ገልጦ፥ መምህሩን በጥንቃቄ ሰምቶ፥ ከባልንጀራው ሳይሰርቅ የራሱን መልስ ቢጽፍ፥ ያ ጽሕፈት ለእግዚአብሔር የቀረበ መሥዋዕት ይሆናል። ዛሬ ጥቂቷን ፊደል በታማኝነት የሚጽፍ ልጅ፥ ነገ የሰው ሕይወት በእጁ በወደቀች ጊዜ ታማኝ ይሆናል። ዛሬ መልስ እየሰረቀ ጸሎት የሚደግም ልጅ ግን፥ ነገ ሚዛን እያጓደለ የሚያስቀድስ ነጋዴ እንዳይሆን ያስፈራል።

ጸሎት ሥሩ ነው፤ መልካም ሥራ ፍሬው ነው። ሥሩ በምድር ውስጥ ተሰውሮ አይታይም፤ ዛፉ ሕያው እንደ ሆነ ግን በፍሬው ይታወቃል።

ጥያቄ

፩፤ በጸሎትና በሥራ ነገር የሚሳሳቱት ሁለቱ ሰዎች ምን ምን ያደርጋሉ?

፪፤ ሞስካቲ በቶሬ ዴል ግሬኮ የነበሩትን በሽተኞች እንዴት አዳናቸው? ከዚያስ በኋላ በደብዳቤው ምን ለመነ?

፫፤ በሞስካቲ ቤት የተቀመጠው ባርኔጣ ድኻውን ከኀፍረት ያዳነው እንዴት ነው?

፬፤ ስለ ፈተናው የሚጸልይ ተማሪ መጽሐፉን ባያነብ ጸሎቱ ስለ ምን እውነተኛ አይሆንም?

፭፤ በጸሎት ላይ ሳለች የተጠራች እኅት ምን እንድታደርግ ቅዱስ ቪንሴንት አስተማረ? ይህስ ትምህርት ለሰነፍ ሰው ምክንያት የማይሆነው ለምንድር ነው?

፮፤ የወንድም ሎራን ሥራ ምን ነበረ? ልቡ በባከነ ጊዜስ ምን ያደርግ ነበረ?

፯፤ አባትህ ወይም እናትህ የሚሠሩት ሥራ ምንድር ነው? በዚያ ሥራ መካከል ሊጸለይ የሚችል አንድ አጭር ጸሎት በደብተርህ ጻፍ።